መጀመሪያ ልጅቷ ይወጣል

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ ከቤት እንዳልባረር ብዬ አንድ ወረቀት ሰርቄ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ቀበርኩ። ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከክፍላችን እንደ እኔ ቶሎ የሚያነብ አልነበረም። ጥፋቱም እሱ ላይ ነው፤ ቶሎ አነበብኩ።

ቤቱ የሂንዳ ነበር። ሂንዳ ዋሪስ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት ሶማሌ ሴት ነበረች። ድምጿ ትልቅ ነው፤ ሱቋ ውስጥ ሆና ስትስቅ ሦስት ሱቅ አልፎ ይሰማል። እናቴ አስካለማርያም የእሷ ሰፊ ነበረች። ሂንዳ ጨርቁን ለክታ ትቆርጣለች፣ እናቴ ደጃፉ ላይ በስፌት መኪናዋ ትሰፋዋለች። የምንኖረውም ሂንዳ ግቢ ውስጥ ነበር፤ ወደ መንገድ ከሚከፈቱት ሁለት ክፍሎች አንዱን ተከራይተን። አባቴ ሀብተ ማርያም እኔ ሳልወለድ ለሥራ ወደ አዋሽ እንደሄደ አልተመለሰም። ሞተ የሚሉም አሉ፣ ሌላ አገባ የሚሉም አሉ።

አምስት ዓመት ሲሆነኝ እናቴ ሳንባዋን ታማ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሞተች። ልቅሶው ላይ ሰዎች “ዘመድ እስኪመጣ ልጅቷ ሂንዳ ጋ ትቆይ” አሉ። ዘመድ አልመጣም። ሂንዳም መቼ ነው የሚመጣው ብላ አልጠየቀችም። ከራሷ አልጋ ላይ፣ በግድግዳው በኩል አስተኛችኝ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ “ሆዮ” ማለት ጀመርኩ፤ በሶማልኛ እናቴ ማለት ነው። ያስተማረኝ ሰው ትዝ አይለኝም።

እሷ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን ነበርን፤ እንደዚያው ሆነን ኖርን። እሑድ ጠዋት ቀስቅሳ ታጥበኝና ነጠላዬን እንደ ሶማሌ ሴት ሻርፕ ጭንቅላቴ ላይ ጠምጥማ ለጎረቤታችን ለጋሽ ኃይለየሱስ ታስረክበኛለች። ጋሽ ኃይለየሱስ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው፤ ከዚራ ሰፈር ባለው ቢሮ ሠላሳ ዓመት ጸሐፊ ሆኖ ሠርቷል። መንገዱን ታጥፈን ሂንዳ ከማታየን ቦታ ስንደርስ ቆም ይልና፣ ምንም ሳይናገር ነጠላዬን ፈትቶ እንደ ደንቡ ያለብሰኛል። ስንመለስም መታጠፊያው ላይ ቆሞ እሷ እንዳደረገችው መልሶ ይጠመጥመዋል። “ደክማበታለች እኮ” ይለኛል። ሽማግሌውን “ነው” እያልኩ የማወራው ንቄው አይደለም። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም፤ ሼኹንም ቄሱንም አንተ ብለን ነው ያደግነው።

ሁለት ሺህ ዓ.ም. ክረምት ላይ የሂንዳ እግር አበጠ። መጀመሪያ ጫማዋ ጠበባት፤ ቀጥሎ ታይዋን መሄድ ተወች፤ ከዚያ ከአልጋዋ እስከ ግቢው ኒም ዛፍ ለመሄድ ሦስት ጊዜ ማረፍ ጀመረች። ሐኪም ቤት ደርሳ ስትመለስ የመድኃኒት ከረጢት ይዛ ነበር፤ ስለ ሕመሙ ግን ለእኔ ማንም የነገረኝ የለም። ዛፉ ሥር ተቀምጣ እግሯን የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ትነክራለች፤ እኔ ውሃውን እቀይርላታለሁ። ሳቋ አጠረ። ሲጀምር ይሰማል፤ መሀል ላይ ትንፋሽ ያጥራትና ታቆመዋለች።

በዚያው ሰሞን ሁለቱ ልጆቿ መጡ።

ሊባን የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በጣም ነበር የምወደው። በመጣ ቁጥር ቴምር ያመጣልኛል፤ ጋቢና ውስጥ አውጥቶ ያስቀምጠኝና ጥሩንባውን ያስነፋኛል። ናዲፋን ግን ከዚያ በፊት ያየኋት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ጅግጅጋ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ነበረች። ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ ሲያዩአት የማትስቅ። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችና እናቷን ጠየቀች።

“ይቺ ልጅ የት ነው የምትተኛው?”

“ከእኔ ጋር።”

“የልደት ካርድ አላት?”

“ለምንሽ ነው?” አለች ሂንዳ።

“አላት ወይ ነው ያልኩት።”

አልነበረኝም። ናዲፋ ከንፈሯን መጠጠች። በማግስቱ ከሱቁ የጨርቅ መለኪያ ሜትር አምጥታ በመንገዱ በኩል ያሉትን ሁለት ክፍሎች መለካት ጀመረች፤ እናቴና እኔ የኖርንበትን ክፍልና ጎኑ ያለውን። ጫፉን እንድይዝላት ጠራችኝ።

“ያዢ። አታወዛውዢው።”

“ለምንድን ነው የምትለኪው?”

“እንዲታወቅ ነው” አለችኝና ቁጥሩን ደብተሯ ላይ ጻፈች።

ጫፉን አጥብቄ ያዝኩ። ቤት የሚለካው ሊሸጥ ሲል ነው። ይህን ከትምህርት ቤት ጓደኛዬ ሰምቻለሁ፤ የእነሱ ቤት ተለክቶ በወሩ ለቀቁ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሊባን ከእናቱ ጋር ሲነጋገር ሰማሁት። እኔ በሩ ጀርባ የእግሯን መታጠቢያ ይዤ ቆሜያለሁ። ሶማልኛ እንደ አማርኛ ነው የምሰማው፤ አንድም ቃል አላመለጠኝም።

“ሆዮ፣ ልጅቷን እኔ አሳድጋታለሁ። ከልጆቼ ጋር ትበላለች፣ ከልጆቼ ጋር ትማራለች። ወላሂ። ቤቱን ግን አትንኪው። ሙሉውን የሚገዛ ሰው አግኝቻለሁ።”

“አይሆንም” አለች ሂንዳ።

“ለምን?”

“አንተ ጥሩ ልጅ ነህ፤ ሚስትህ ግን ልጅቷን አታውቃትም። ነገ አንተ መንገድ ላይ ነህ። ልጅቷ የሰው ቤት እንጀራ መብላት የለባትም።”

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የያዝኩት ሊባን “አሳድጋታለሁ” እንዳለና ሆዮ “አይሆንም” እንዳለች ነው። የሚፈልገኝ እሱ፣ የማትፈልገኝ እሷ። መታጠቢያውን አስቀምጬ ኩሽና ገባሁና አለቀስኩ።

አሁን ሌላውንም አውቃለሁ። ገዢው ነጋዴ የፈለገው መንገድ ዳር ያሉትን ሁለት ክፍሎች ነበር፤ አፍርሶ መጋዘን ሊሠራበት። ያለ እነሱ ግቢውን አይገዛም። የሊባን መኪና ደግሞ ሞተሩ አልቆ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተጨነቀ ሰው ነበር።

ዓርብ ዕለት፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ኒም ዛፉ ሥር ምንጣፍ ተነጠፈ። ሼኽ ከሪም መጣ። ጋሽ ኃይለየሱስ እስክሪብቶውንና ሰፊ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ከጎረቤት ሳምቡሳ የምትሸጠዋ ሙልኪና ባለ ኪዮስኩ ሙስአብ ተጠሩ። እኔን ናዲፋ “ሂጂ ውጪ ተጫወቺ” አለችኝ። ወጣሁና በጓሮ በኩል ዞሬ ከውሃ በርሜሉ ጀርባ ተቀመጥኩ።

ሼኽ ከሪም አምስት ቋንቋ ያውቃል ይባላል፤ አምስተኛው አማርኛ ነው። ጋሽ ኃይለየሱስ እንዲጽፈው ብሎ በአማርኛ ያስረዳ ነበር። ቃላቱ እየተቆራረጡ ወደ በርሜሉ መጡልኝ።

“…ልጅቷ ወራሽ አይሆንም። ደም የለውም። ሃይማኖት ሌላ ነው…”

“ገብቶኛል” ይላል ጋሽ ኃይለየሱስ።

“…ሲሶ ብቻ። ከሲሶ አይበልጥም። ስለዚህ መጀመሪያ ልጅቷ ይወጣል። ልጅቷ ከወጣ በኋላ የቀረው ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ ይካፈላል።”

ከዚያ የናዲፋ ድምፅ መጣ፣ ቀጥ ያለ፣ እንደ መርፌ።

“ይሁን። ይውጣ። ለነገ አታሳድሩት፤ ዛሬውኑ ይውጣ።”

ሊባን አልተናገረም። በበርሜሉ ጠርዝ ሳይ መሬት መሬት ያያል። ሂንዳ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች፤ ሌሎቹም በየተራ ፈረሙ። ከዚያ ሂንዳ አለቀሰች። ለእኔ አዝና ነው አልኩ። አዝናም አስወጣችኝ።

ጋሽ ኃይለየሱስ ወረቀቱን አንብቦላቸው ሲጨርስ “ሰኞ ጠዋት ሰነዶች ማረጋገጫ ወስደን እናስመዘግበዋለን፤ ቅጂውንም ያኔ እናወጣለን” አለ። ናዲፋ በላስቲክ ጠቅልላ እናቷ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከታጠፉት ልብሶች ሥር ስታስገባው በመስኮት አየኋት። ሰኞ። የቀረኝ ሦስት ቀን ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ድሬ እንደ ልማዷ ተኛች። በዚያ ሙቀት ሱቅ ይዘጋል፣ ባጃጅ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ ውሻ እንኳ አይጮኽም። ናዲፋ ሳሎን ምንጣፉ ላይ ጋደም ብላለች። ሊባን መካኒክ ጋ ሄዷል። ሂንዳ ዓይኗን ጨፍና አልጋዋ ላይ ናት። ቁም ሣጥኑን ቀስ ብዬ ከፈትኩ፤ እጄን አስገብቼ ላስቲኩን ሳወጣው ተንኮሻኮሸ።

“ስምረት?”

ላስቲኩን ቀሚሴ ሥር ከተትኩት። ሂንዳ ዓይኗን አልገለጠችም፤ እጇን ብቻ ዘረጋች። ሄጄ ያዝኳት።

“አይዞሽ” አለችኝ። “ነገርሽን ጨርሻለሁ። አሁን ብሞትም ግድ የለኝ።”

እጇን ለቅቄ ወጣሁ። ከእኔ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ስትነጋገር ያለችኝ ነገር ይህ ነው። ዓመታት ሙሉ፣ ይህን ቃል ሰምቼ እጇን መልቀቄ ከስርቆቱ በላይ ሲቆጨኝ ኖሯል። ነገሬን ጨርሳልኝ ነበር። እኔ የሰማሁት ከእኔ ጋር ያላትን ነገር እንደጨረሰች ነው።

ደቻቱ ከቤታችን አምስት ደቂቃ ነው። ድልድዩ ሥር ወርጄ፣ ጥላው ውስጥ ተቀምጬ ወረቀቱን አወጣሁ። የጋሽ ኃይለየሱስ ጽሕፈት እንደ ታተመ መጽሐፍ ነው፤ ለማንበብ አይከብድም። “እኔ ሂንዳ ዋሪስ አእምሮዬ ሳይዛባ፣ ማንም ሳያስገድደኝ…” ይላል። ዓይኔ ስሜን ፈልጎ ወረደ። “…በሃይማኖቴ ሕግ ወራሽ ያልሆነችውን ስምረት ሀብተ ማርያምን በሚመለከት…” ሲል አጠፍኩት። ከዚህ በላይ ምን ልፈልግ?

በእጄ እስከ ክርኔ ድረስ ቆፈርኩና ቀበርኩት። ላዩ ላይ ድንጋይ አደረግሁና ወደ ዳር ወጥቼ ተቀመጥኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ሰው ወደ ድልድዩ ሲሮጥ አየሁ። ከተማው ላይ አንድ ጠብታ አልወረደም፤ ግን ወደ ደንገጎ ተራሮች ሰማዩ ጠቁሯል። ከዘጠና ስምንቱ ጎርፍ ወዲህ ድሬ ውስጥ ተራራው ሲጠቁር ሳይደነግጥ የሚቀመጥ ሰው የለም። ውሃው ድምፁ ቀድሞ መጣ። ቡናማ ሆኖ፣ ግንድና ጎማ ተሸክሞ፣ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ አለፈ። ሰው ሁሉ በፍርሃት ሲያይ እኔ ብቻ ደስ ብሎኝ አየሁት። ከእንግዲህ ማንም አያገኘውም።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በራችን ላይ ሰው ተሰብስቧል። ጋሽ ኃይለየሱስ እጄን አጥብቆ ያዘ። ሂንዳ እኛ ቅዳሴ ላይ ሳለን አርፋ ነበር። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀበረች። ወንዶቹ ተሸክመዋት ሲወጡ እኔ ሙልኪ ቀሚስ ሥር ነበርኩ። ወረቀቱን በመቅበሬ እሷን የቀበርኳት መሰለኝ፤ ይህንንም ለማንም አልተናገርኩም።

ሦስት ቀን ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። ቁርዓን ተቀራ፣ ሩዝ ተቀቀለ። እኔን ግን ማንም አላስወጣኝም። ናዲፋ ጠዋት ጠዋት ሻይና ዳቦ ፊቴ ታስቀምጣለች፤ “ብዪ” ትላለች፣ ትሄዳለች። ሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሲቀንስ ዛፉ ሥር እንደገና ምንጣፍ ተነጠፈና የዓርቡ ሰዎች ተቀመጡ። አሁን ወደ ውጪ የሚልከኝ ሰው ስላልነበረ እኔም ሙልኪ ጎን ተቀመጥኩ።

ናዲፋ ወረቀቱን ልታመጣ ገባች። ቆየች። ስትወጣ እጇ ባዶ ነው።

“የለም።”

ቁም ሣጥኑ ተራገፈ፤ ፍራሹ ተነሳ። ሙስአብ አልጋ ሥር ገብቶ ወጣ። ጋሽ ኃይለየሱስ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

“ጥፋቱ የእኔ ነው” አለ። “ዓርብ ዕለት ቅጂ ማስቀረት ነበረብኝ። በሕግ ወረቀቱ ከሌለ ኑዛዜ የለም። አራት ሆነን ብንመሰክርም ዋጋ የለውም።”

ሼኽ ከሪም ጢሙን ይዞ ወደ ሁለቱ ልጆች ዞረ። “ፍርድ ቤት ወረቀት ይጠይቃል። አላህ ወረቀት አይጠይቅም። እናንተ ሰምቷል ወይ?”

“እኔ ሰምቻለሁ” አለች ናዲፋ። “ይሁን ብያለሁ፤ አሁንም ይሁን።”

ሁሉም ወደ ሊባን አየ።

“እኔ ይሁን አላልኩም” አለ ሊባን ቀስ ብሎ። “ዝም ነው ያልኩት። አሁን ወረቀቱ የለም። ምናልባት ሆዮ ራሷ አስባበት፣ ሐሳቧን ቀይራ ቀድዳው ይሆናላ። ማን ያውቃል?”

“መነሳት የማትችል ሴት? የት ሄዳ ቀደደችው?” ናዲፋ ተነሳች። “አንተ ነህ። ቅዳሜ ‘መካኒክ ጋ ነኝ’ ብለህ የጠፋኸው አንተ ነህ።”

“ናዲፋ፣ አፍሽን!”

“ለዚያ ነጋዴ ስትል የእናትህን ቃል ሰረቅክ!”

ሊባንም ተነሳ። ሙስአብ መሀላቸው ገባ። የሊባን ፊት ሲለዋወጥ አየሁት፤ ጥፋት የሌለበት ሰው ሲከሰስ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ያን ቀን ነው ያየሁት። የወረቀቱ ነገር፣ የቤቱ ነገር ከአእምሮዬ ወጣ። ቴምር የሚያመጣልኝን ሰው ሌባ እያሉት ነው።

“እሱ አልወሰደም!” ብዬ ጮኽኩ። “እኔ ነኝ!”

ማንም የሰማኝ አልመሰለኝም፤ ደገምኩት። “እኔ ነኝ የወሰድኩት። ደቻቱ ቀበርኩት። ውሃው ወሰደው።”

ናዲፋ ወደ እኔ ዞረች። “ምን አልሽ?”

“እንዳታስወጡኝ ብዬ ነው።”

“ማን ነው የሚያስወጣሽ?”

በጣቴ ሼኹን አሳየሁ። “እሱ! ‘መጀመሪያ ልጅቷ ይወጣል’ ብሏል። አንቺም ‘ዛሬውኑ ይውጣ’ ብለሻል። ሰምቻለሁ። በርሜሉ ጋ ሆኜ ሰምቻለሁ።”

ሼኽ ከሪም አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። “ያ ረቢ” አለ። “እኔ ነው? እኔ እንደዚህ ብሏል?”

“ብለሃል” አለ ጋሽ ኃይለየሱስ። ድምፁ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አላወቅሁም። “የልጅቷ ድርሻ መጀመሪያ ይወጣል ማለትህ ነበር። ‘ድርሻ’ን ዋጥካት።” ወደ እኔ ጎንበስ አለ። “ልጄ፣ ሂንዳ ወደ መንገድ የሚከፈቱትን ሁለቱን ክፍሎች ላንቺ ሰጥታሽ ነበር። የሚወጣው አንቺ አይደለሽም፤ ከሁሉ በፊት ተነሥቶ የሚቀመጠው ያንቺ ነው። ወረቀቱ የሚለው ይህን ነው። ‘እንደ ወለድኳት ልጄ የምቆጥራት’ ይላል። እኔ ነኝ የጻፍኩት።”

መጀመሪያ የሳቀችው ሙልኪ ናት፤ እያለቀሰች ነበር የምትስቀው። ሙስአብም ተከተላት። ናዲፋ አልሳቀችም። መጥታ ፊቴ ተንበረከከችና ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። ለመጀመሪያ ጊዜ የነካችኝ ያኔ ነው። እጇ ሳሙና ሳሙና ይላል።

“ማንም አያስወጣሽም” አለችኝ። “ስሚኝ። ማንም። የለካሁት ላንቺ ነው። የልደት ካርድ ያልኩትም ስምሽ እንዲጻፍበት ነው። ደግሞ መጠየቅ ነበረብሽ። ልትጠይቂኝ አትችይም ነበር?” ከዚያ ራሷ መለሰችው። “አትችይም። እኔም ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።”

ቀና ስል ሊባን የለም። የግቢው በር ሲዘጋ ሰማሁ። ተናደደብኝ ብዬ ሌላ ልቅሶ ጀመርኩ። ከደጅ የመኪናው ጋቢና ተከፍቶ ተዘጋ፤ ሞተሩ ግን አልተነሳም። ረጅም ጊዜ ጠበቅን። ሲመለስ ፊቱን ታጥቧል፣ የሸሚዙ ኮሌታ እርጥብ ነው። ቀጥ ብሎ ጋሽ ኃይለየሱስ ፊት ቆመ።

“ጻፍ” አለው።

“ምን ልጻፍ?”

“ሆዮ ያለችውን። ሁለቱን ክፍል።”

“ሊባን፣ አሁን ኑዛዜ ተብሎ አይጻፍም። ከእናንተ የተሰጠ ስጦታ ነው የሚሆነው። መስጠት ካልፈለግህ ማንም አያስገድድህም፤ ይህን አውቀህ ነው?”

“ስሙን እንደፈለግህ በለው። ጻፍ አቦ!”

በሳምንቱ ሊባንና ናዲፋ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደው ፈረሙ። እኔም በአዲስ ጫማ ተወሰድኩ። ጸሐፊዋ ናዲፋን “ልጅቷ ምንሽ ናት?” ብላ ጠየቀቻት። ናዲፋ ትንሽ አሰበች። “የእናቴ ልጅ ናት” አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ ነው፤ ባጭሩ ልናገረው። ለአርባ ቀን ብላ የቆየችው ናዲፋ ዝውውር ጠይቃ ድሬ ቀረች። ከአንደኛው ክፍል የሚገኘው ኪራይ ለትምህርቴ ሆነ፤ በሌላኛው ዛሬ መድኃኒት ቤት ከፍቼበታለሁ። ናዲፋ አሁንም ብዙ አትስቅም። በፋርማሲ ስመረቅ ግን አዳራሹ ውስጥ እልል ያለችው እሷ ብቻ ነበረች፤ ገና የሌላ ልጅ ስም እየተጠራ። አፍራ እጇን አፏ ላይ ስትጭን አየኋት።

ባለፈው ሚያዝያ ናዲፋ የራሷን ኑዛዜ ጻፈች። ልጅ አልወለደችም፤ ያላትን ለማን እንደምትሰጥ ሦስት ወር አስባበታለች። ሊባን ከጅቡቲ ተጠርቶ መጣ፣ ትንሿን ልጁን ኪንሲን ይዞ። ልትፈርም ስትል ሊባን ኪንሲን “ሂጂ ውጪ ተጫወቺ” አላት።

“የትም አትሄድም” አለች ናዲፋ። “እዚህ ትቀመጥ። ያልገባትን ትጠይቅ።”

ወረቀቱ ሁለት ጊዜ ተነበበ፤ ሁለተኛው ለኪንሲ ብቻ። ልጅቷ አራት ጥያቄ ጠየቀች። አራቱም ተመለሱላት።

ከዚያ ሊባንና እኔ መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥተን ተቀመጥን። ሸብቷል፤ ጉልበቱን ያመዋል። ሂንዳ በሞተችበት ዓመት ገዢው ጥሎት እንደሄደ፣ መኪናውን ሞተሩ እንደተበላሸ ለብረት እንደሸጠውና ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው መኪና እንደነዳ ከናዲፋ ነው የሰማሁት። እሱ አንድም ቀን ተናግሮት አያውቅም። አሥራ ስምንት ዓመት ልጠይቀው ስፈልግ ኖሬ ያን ቀን ጠየቅሁት።

“ሊባን፣ ለምን ጻፍ አልከው? በሕጉ ምንም አልነበረኝም።”

መንገዱ ላይ ባጃጆች ሲያልፉ ያያል።

“ወረቀቱ የለም ሲባል ደስ አለኝ” አለ። “እናቴ ከሞተች ሦስት ቀኗ ነው፤ እኔ ደስ አለኝ። ናዲፋ ሌባ ስትለኝ የተቆጣሁት ስላልሰረቅሁ አይደለም። ጠፋልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ስለነበረ ነው። ከዚያ አንቺ ተነስተሽ ለእኔ ብለሽ ጮኽሽ። ጋቢና ገብቼ ተቀመጥኩ። ይህን ደስታ ይዤ ወደ ጅቡቲ ብነዳ፣ እስክሞት አብሮኝ ይነዳ ነበር።” ጉልበቱን በእጁ አሸት አሸት አደረገው። “አንቺም ናዲፋም እኔን ታመሰግኑኛላችሁ። የማመሰግነው እኔ ነኝ። ያን ቀን ዝም ብትዪ ኖሮ ዛሬ እዚህ ደጃፍ ላይ ለመቀመጥ ፊት አልነበረኝም።”

እጁን ያዝኩት፤ ይህኛውን እጅ ግን አልለቀቅሁም። ናዲፋ ከውስጥ “ምሳው በረደ እኮ! ግቡ!” ብላ ጮኸች።

ደግፌ አነሳሁትና ገባን።